ለማሙሽ ሳይሆን ለእኔ ንገሪኝ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ባሕር ዳር ሙቀቱ በርትቷል። አባትሽ ማታ ማታ ጣና ዳር ካልወጣ እንቅልፍ አይወስደውም።

የሠራሽው የጭማቂ ማስታወቂያ በቲቪ ሲመጣ ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል፤ ያስወራሁት እኔው ነኝ። ግን አንድ ነገር ልበልሽ። የእህትሽ ልጅ ማሙሽ ሀሁ ገና «መ» ላይ ነው፤ የጭማቂውን ዘፈን ግን ሳያዛንፍ ይለዋል። ባለፈው ሱቁ በር ላይ «የቲቪውን ማንጎ ግዢልኝ» ብሎ ተንፈራፈረ። ቤት ከወራሚት የመጣ ማንጎ እንዳለ ብነግረው «እሱ ዘፈን የለውም» አለኝ። ምን ይመለሳል?

ሥራሽን አልነቅፍም። የሚሸጥ ሰው መናገር አለበት። ለእኔ ከነገርሽኝ ዋጋውን እጠይቃለሁ፣ ካልተስማማኝም አልፋለሁ። ማሙሽ ይሄን አይችልም። የሕፃናትን አስተሳሰብ የሚያጠኑ ሰዎች፣ ልጅ እስከ 7 ወይም 8 ዓመቱ ማስታወቂያ ሊሸጥለት እንደመጣ በቅጡ አይገባውም ይላሉ። የሰማውን ሁሉ እውነት ነው ብሎ ይቀበላል። የእኛ ቲቪ ደግሞ ይብሳል። በዓል ሲሆን አቅራቢዋ በሳቅ በጨዋታው መሃል ስፖንሰሯን ታመሰግናለች፣ ጠርሙሱም ከረከቦቱ አጠገብ ተደርድሯል። የቱ ጨዋታ የቱ ንግድ እንደሆነ እኔንም ይምታታብኛል።

«ወላጅ እንቢ ይበላ» ትይኝ ይሆናል። እንላለን እኮ! ግን እናንተ ልጁን ደሞዝ የማይከፈለው ሻጭ አድርጋችሁ ቤታችን አስቀምጣችሁታል። ጠዋት ይለምናል፣ ማታ ይለምናል። እህትሽ ከሥራ ደክማ ስትገባ እንቢ የማለት አቅም ከየት ታመጣለች?

ስኳሩም አለ። ግማሽ ሊትር ኮላ ውስጥ ከ50 ግራም በላይ ስኳር አለ፤ በሻይ ማንኪያ ቢሰፈር ከ12 ማንኪያ ያልፋል። እኔ ለማሙሽ ሻይ ላይ የማደርግለት አንድ ማንኪያ ነው፣ እሱንም እያመነታሁ። ያንቺ ጭማቂ ስንት እንዳለው ማስታወቂያው አልነገረኝም።

ይሄ የባላገር እናት ወግ እንዳይመስልሽ። ካናዳ ውስጥ ኩቤክ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ማስታወቂያ መሥራትን ከከለከለች ቆየች፣ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ነው። ስዊድንም ከ12 ዓመት በታች ላሉት የሚሠራውን ከቲቪ አግዳለች። እኛስ ብንሆን በ2011 በወጣው የምግብና መድኃኒት አዋጅ የቢራ ማስታወቂያን ከቲቪ አስወጥተን የለ? ያኔ አባትሽ «አሁን ኳስ ማን ሊያሳየን ነው?» ብሎ ነበር። ይኸው እያየ ነው።

ሥራሽን ልቀቂ አልልሽም። የሚቀጥለው ሲመጣ ግን ለእናትየዋ እንዲናገር አድርጊው። ዋጋውንም ስኳሩንም ንገሪኝ። በልጆች ፕሮግራም መሃልም አታስገቡት። አለቃሽ እንቢ ካለ ስልኩን ስጪኝ፣ እኔው አወራዋለሁ።

በርበሬና ሽሮ በሰው ልኬልሻለሁ። በርበሬው ዘንድሮ ያቃጥላል፤ ቀነስ አድርጊበት።

እናትሽ