ሐውልት ሌላ፣ መቃብር ሌላ፦ ደብዳቤ ለልጄ

ይድረስ ለምወድህና ለምሳሳልህ ልጄ፤ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ሁላችን እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። የአባትህ የጉልበት ሕመም ቀለል ብሎለታል፤ እኅትህም ፈተናዋን ጨርሳለች። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ግን ለሰላምታ ብቻ አይደለም። የአክስትህ ልጅ ባለፈው እሑድ ደውላ፣ አንተ ከጓደኞችህ ጋር ሆነህ እዚያው በርሊን፣ በትሬፕቶው ፓርክ በሚገኘው የሶቪየት ወታደሮች መታሰቢያ ላይ በሌሊት ቀለም ለመድፋት እየመከራችሁ እንደሆነ ነግራናለች። የነገረችን አንተን ለማሳጣት ሳይሆን ፈርታልህ ነውና በእርሷ ቂም እንዳትይዝ።

ከጓደኞችህ መካከል ቤተሰቦቻቸው ዩክሬን ውስጥ በቦምብ ሥር የሚያድሩ እንዳሉ ነግረኸኛል። ቁጣቸው እውነተኛ ነው፤ እኔም ስለ እናቶቻቸው አዝናለሁ። ነገር ግን ልጄ ሆይ፣ በመቃብር ላይ እጅህን አታንሣ። ሌላውን ሁሉ እንወያይበታለን፤ ይህን ግን እንደ እናትነቴ የምለምንህ ብቻ ሳይሆን የማዝህም ነው።

ስለ አዲስ አበባው የሌኒን ሐውልት ደጋግመህ ጠይቀኸኝ፣ እኔ ግን ከፊል ከፊሉን እየነገርሁ አልፌሃለሁ። አያትህ በሕይወት ሳለች ነገሩን በቤታችን ማንሣት ይከብደኝ እንደነበር ታውቃለህ። አሁን እርሷ ካረፈች ወዲህ ልነግርህ የሚገባኝ ጊዜ ስለ ደረሰ፣ ታግሠህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ከሶቪየት ኅብረት የመጣው የነሐስ ሌኒን እ.ኤ.አ. በ1983 ከአፍሪካ አዳራሽ አጠገብ ሲመረቅ እኔ ገና ልጅ ነበርሁ። የሰፈራችን ሰው በማለዳ በቀበሌው ስም እየተጠራ ተሰልፎ ወረደ፤ ካኪ የሌለው ካኪ ተውሶ ለበሰ። ከሰው ብዛት የተነሣ ምንም ማየት ስላልቻልሁ አጎትህ ትከሻው ላይ አወጣኝና፣ ወደ ፊት ሲራመድ ተደርጎ የተሠራውን ረጅም ሰውዬ አየሁት። «ይህ ማን ነው?» ብዬ ስጠይቀው አጎትህ ዙሪያውን ገልመጥ አድርጎ «እጅሽን አጨብጭቢ፤ ቤት እነግርሻለሁ» አለኝ። ቤት ስንገባም አልነገረኝም። የከተማው ሰው ኋላ ላይ በሹክሹክታ «ሰውዬው ወደ ቦሌ ነው የሚሄደው፤ አገሩ ሊገባ ነው» ይል ጀመር፤ እርምጃው ወደ አውሮፕላን ማረፊያው አቅጣጫ ነበርና።

በዓመቱ፣ መስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበርና የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ ሲመሠረት፣ ከተማው በቀይ ጨርቅና በመፈክር ተሸፈነ። ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት ያለው የትግላችን ሐውልትም፣ ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ያለው የካርል ማርክስ ሐውልትም የዚያን ዘመን ሥራዎች ናቸው። በዚያው ወራት በወሎና በትግራይ ሰው በረኃብ ይረግፍ ነበር። አያትህ ከኮረም የመጡ ሰዎችን በቤተ ክርስቲያን ደጅ እያየች «ለድንጋዩ የተገኘው ለሰው እንዴት ጠፋ?» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አባቴ ወዲያው አፏን በእጁ ያዘው። እንዲህ ያለ ነገር የሚያስከትለውን ያውቅ ነበር።

አጎትህን ብሔራዊ ውትድርና ወሰደው። የትምህርት ቤት ደብተሩን ትራስ ሥር አስቀምጦ «አንቺ ጻፊበት» ብሎኝ ሄደ። መጀመሪያ ደብዳቤዎቹ በየወሩ ይደርሱን ነበር፤ አጫጭር ሆነው ሁልጊዜ «ጫማ አታስቡልኝ፣ ጫማ አለኝ» የሚል ቃል አይጠፋባቸውም ነበር፤ አያትህ በእግሩ ነገር ትጨነቅ ስለነበር ነው። መጋቢት 1980 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ አፋቤት ላይ ናደው ዕዝ የተባለው ጦር ከተደመሰሰ በኋላ ግን ደብዳቤ አልመጣም። ሞተ የሚል መርዶም አልመጣም። ተማረከ የሚልም የለም። አያትህ ከቀበሌ ወደ ጦር ሠራዊቱ ቢሮ፣ ከቢሮው ወደ ቀበሌ ተመላለሰች፤ የሰጧት መልስ ግን «በግዳጅ ላይ ነው» የሚል ብቻ ነበር።

ኮሎኔል መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ከአገር ወጡ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ሳይገባ፣ ሌኒን ወደቀ። ልብ በል፤ በፈረንጆች 1983 የቆመው ሐውልት በእኛ 1983 ነው የወደቀው። እኔ ሮጬ ስደርስ መሬት ላይ ተዘርሮ ነበር፤ ልጆች ጀርባው ላይ ወጥተው ይጨፍራሉ፣ አንዳንዱ በድንጋይ ሲመታው ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት ድምፅ ይሰጣል። ለምርቃቱ በረድፍ ቆመው ሲያጨበጭቡ የነበሩ የሰፈራችን ሰዎች ያን ቀንም እዚያው ቆመው ያጨበጭቡ ነበር። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም፤ ሲቆምም ሲወድቅም አስተያየታቸውን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ቀኑ መሽቶ ሐውልቱ ሰው ከማያየው ግቢ ተወስዶ ተጋደመ፤ ስለ እርሱም ሸንጎ ሳይቀመጥ ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ወደ ቤት ስመለስ አያትህን ያገኘኋት መንገድ ዳር ነው። ከየግንባሩ የተበተነው ሠራዊት በእግሩም በመኪናም ወደ ከተማው ይገባ ነበርና፣ ነጠላዋን አገልድማ ያገኘችውን ወታደር ሁሉ እያስቆመች፣ ውኃ እያጠጣች፣ የልጇን ስም እየነገረች ትጠይቅ ነበር። «እማዬ፣ ሌኒንን ጣሉት!» አልኋት። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ብረቱን ቢጥሉት ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ልጄ የወደቀበትን ያሳዩኝ እንጂ» አለችኝ።

እስከ ዕለተ ሞቷ እርም አላወጣችም። ጎረቤት ድንኳን እንትከል፣ ካህናቱ ፍትሐት እናድርስ ቢሏት «ሞቱን ሳልሰማ፣ አፈሩን ሳላይ» እያለች እምቢ አለች። ሙት ዓመት የሚወጣበት ቀን አልነበረንም፤ ቀኑን የሚያውቅ ሰው አልነበረምና። አንተ ስትወለድ በአጎትህ ስም እንድትጠራ ለምነናት ነበር፤ የቆመ ሰው ስም ለሌላ አይሰጥም ብላ ከለከለችን። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ፣ ይህን ያህል ዘመን የኖረች እናት የምታለቅስበት አንድ ክንድ መሬት አጥታ ማለፏ ነው። ስለዚህ ነው በመቃብር ላይ እጅህን አታንሣ የምልህ።

የበርሊኑን ሌኒን ታሪክ ያጫወትኸኝ አንተ ራስህ ነህና አሁን መልሼ ላስታውስህ። ኒኮላይ ቶምስኪ የቀረጸው 19 ሜትር የሚረዝም የቀይ ግራናይት ሐውልት ነበር፤ ሚያዝያ 1970 እ.ኤ.አ. ሌኒን የተወለደበት መቶኛ ዓመት ሲከበር ተመረቀ። ጀርመን ከተዋሐደች በኋላ የወረዳው ምክር ቤት ተሰብስቦ እንዲነሣ ወሰነ። የአካባቢው ነዋሪዎች የተቃወሙም ነበሩ፤ የደገፉም ነበሩ፤ ሁሉም በአደባባይ ተናገሩ። ኅዳር 1991 እ.ኤ.አ. ማፍረስ ተጀምሮ እስከ የካቲት ፈጀ፤ ከመቶ ሃያ በላይ ብሎኮች እየሆነ ተነቅሎ ከከተማው ጫፍ ባለ ጫካ አሸዋ ውስጥ ተቀበረ፤ አደባባዩም የተባበሩት መንግሥታት አደባባይ ተባለ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2015 እ.ኤ.አ.፣ ሦስት ቶን ተኩል የሚመዝነውን ራሱን ቆፍረው አወጡትና ዛሬ በሽፓንዳው ምሽግ ሙዚየም በጎኑ ተጋድሞ ሰው ያየዋል። አጠገቡ ቆመህ የተነሣኸው ፎቶ ከመኝታዬ ራስጌ አለ።

ይህን የምጠቅሰው ሌኒን ከአዲስ አበባ መነሣት አልነበረበትም ለማለት አይደለም። መነሣቱ ትክክል ነበር፤ በእርሱ ጥላ ሥር ያለቀሰ የእኛ ሰው አልነበረም። እኔን የሚያሳዝነኝ፣ እዚያ አገር ሰው በአደባባይ ተሟግቶ ያደረገውን እኛ በአንድ ቀን ሳንነጋገር ማድረጋችን ነው። ስላልተነጋገርንም፣ ያ ዘመን የወሰዳቸውን ልጆች የት እንደወደቁ የሚጠይቅ ጉባኤ አጣን።

ደግሞም ከኮሚኒስት አገር የመጣ ሁሉ አልወደቀም። በስድስት ኪሎ ያለውን የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት የሠሩት የቲቶዋ ዩጎዝላቪያ ቀራጮች፣ አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች ናቸው። ሕፃን ሆነህ እጅህን ይዤ ዙሪያውን አዙሬሃለሁ፤ የወደቁትን ሰዎች በጣትህ እየነካህ «ይኼኛው ተኝቷል?» ትለኝ ነበር። ንጉሡ ወርደው፣ ደርግ መጥቶ፣ ደርግም ሄዶ ያንን ድንጋይ የነካው የለም፤ ግራዚያኒ ያስፈጃቸው የራሳችን ሙታን አሉበትና። የትግላችን ሐውልት ከሰሜን ኮሪያ የመጣ ነው፤ እርሱም በኦጋዴን ጦርነት ለወደቁት ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን መታሰቢያ ስለሆነ እስከ ዛሬ ቆሟል። አንድን ሐውልት ከመንካትህ በፊት ማን አሠራው ብለህ ብቻ ሳይሆን ማን ተኝቶበታል ብለህ ጠይቅ።

አሁን ወደ ትሬፕቶው ልመለስ። እዚያ ያለው ሐውልት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ልጄ፣ ይህን ያህል አልጽፍልህም ነበር። ግንቦት 1949 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ያ ስፍራ በ1945 ለበርሊን በተደረገው ውጊያ የወደቁ ከ7,000 በላይ ወታደሮች ያረፉበት መካነ መቃብር ነው። ሕፃን ታቅፎ በሰይፉ ስዋስቲካውን ሰባብሮ የቆመው 12 ሜትር የነሐስ ወታደር የቆመው በእነርሱ መካከል ነው። ያ ጦር የሩሲያ ልጆች ብቻ አልነበሩበትም፤ የዩክሬን ልጆች፣ የቤላሩስ ልጆች፣ የካዛክስታን ልጆች ነበሩበት። የጓደኛህ ቅድመ አያት ወንድም እዚያ ያለ እንደሆነ በምን አወቃችሁ? ቀለሙን የምትደፉት በማን ላይ እንደሆነ በሌሊት ማን ያሳያችኋል?

በድንጋዮቹ ላይ የስታሊን ቃል በወርቅ ቀለም ተቀርጿል እንደምትለኝ አውቃለሁ። ልክ ነህ፣ ተቀርጿል። እርሱም ይነሣ የሚል ሰው ካለ ስሙን ጽፎ፣ ፊርማ አሰባስቦ፣ በቀን ብርሃን ለምክር ቤት ያቅርብ፤ አንተም ከተማርኸው ታሪክ ተነሥተህ ብትጽፍ አባትህና እኔ ደስ ይለናል። ጀርመን በ1990 እ.ኤ.አ. ከሶቪየት ኅብረት ጋር በተፈራረመችው ውል እነዚህን መታሰቢያዎችና መቃብሮች ልትጠብቅ ቃል ገብታለች፤ ስለዚህ ጉዳዩ የጥቂት ወጣቶች የአንድ ሌሊት ጉዳይ አይደለም። በመቃብር ላይ እጅህን አታንሣ። ጓደኞችህ ፈሪ ቢሉህም አታንሣ። «ቆሜ ልይ ብቻ» ብለህም አትሂድ፤ ካሜራ የቆመውንና የደፋውን አይለይም።

የመኖሪያ ፈቃድህ የሚታደስበት ወር እየቀረበ ነው። ስምህ በፖሊስ መዝገብ ቢሰፍር ምን እንደሚከተል ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። ፓስፖርትህ ጊዜው ሊያልፍ እንደሆነ ለእኅትህ ነግረሃታል፤ ዛሬ ነገ ሳትል ወደ ኤምባሲው ቀጠሮ አስይዝ፣ የልደት ሰርተፊኬትህንም ቅጂ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አድርጌአለሁ። የጎረቤታችን ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ ትመጣለች፤ ሽሮና በርበሬ፣ ትንሽም ቆሎ ይዛልሃለችና ከአውሮፕላን ማረፊያ ተቀበላት፤ ቋንቋውን አታውቅም፣ እንዳታስጠብቃት። በዚህ ወር ገንዘብ አትላክልን፤ ያንን የሚያምህን ጥርስ ታከምበት።

አንድ ነገር ደግሞ እለምንሃለሁ። በቀን፣ ብቻህን ወደ ትሬፕቶው ሂድና ስለ ሙታኑ የሚታወቀውን ጠይቅ፤ ስማቸው የታወቀው ስንቱ ነው፣ ያልታወቀውስ፣ ቤተሰብ ፈልጎ ሲመጣ የሚያስተናግደው ማን ነው፣ መዝገቡስ የት ይገኛል? ለሌሎች አገር ልጆች እንዲህ ያለ መዝገብ እንዴት እንደሚያዝ ካወቅን፣ እኛም ስለ አጎትህ ለማን፣ በምን መልክ መጻፍ እንደሚገባን እንማር ይሆናል። አባትህ አጎትህ የተመለመለበትን ዘመን፣ የክፍሉን ቁጥርና የመጨረሻውን ደብዳቤ ቀን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ አዘጋጅቷል። የምታገኘውን ሁሉ በዝርዝር ጻፍልኝ፤ በስልክ አትንገረኝ፣ እኔ እንደገና እንደገና ማንበብ እፈልጋለሁ።

የምትወድህ እናትህ
ከአዲስ አበባ