ምስሉ ሳይታይ ለኦፕራሲዮኑ እሺም እምቢም አይበሉ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ይህን እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልዎት።

በቀደም «የደም ሥሩ ከጠበበ ከፍተው አይጠርጉትም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ኔትወርኩ አላስወራ ስላለን ልጻፍልዎ።

የጠበበው በግራ በኩል፣ ራስ ቅል ውስጥ ያለ የደም ሥር ነው። ያን ዕለት ጉርሻው ከቀኝ እጅዎ የወደቀው፣ አንደበትዎም የተሳሰረው በእሱ ጦስ ነው። ቶሎ ቢለቅዎትም ማስጠንቀቂያ ነው።

እስካሁን የተነሡት ፎቶ ጥበቱን ብቻ ነው ያሳየው። ቆጋ ላይ መስኖ ሲያጠጡ ኖረዋልና ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ የቦዩ አፍ ጠበበ ማለት ማሳው ደረቀ ማለት አይደለም። ከጎን የሚገባ ውኃ ሊኖር ይችላል። ማሳውን ሄዶ ማየት ነው። አሁን የታዘዘልዎት ምርመራ ይኸው ነው፤ ደም አንጎል ውስጥ ምን ያህል፣ በምን ፍጥነት እንደሚዳረስ ያሳያል።

ሲቲ ስካን ላይ ይተኛሉ። በክንድዎ መድኃኒት ሲሰጡዎት ሰውነትዎን ሞቅ ይልዎታል፤ አይደንግጡ። ማሽኑ ለአንድ ደቂቃ ያህል ደጋግሞ ያነሣል። ጭንቅላትዎን አለማነቃነቅ ብቻ ነው። ቅዳሴውን ሙሉ ቀጥ ብለው ለሚቆሙት ለእርስዎ ይሄ ምን አላት! ኩላሊትዎን ግን አስቀድመው በደም ምርመራ ያዩታል።

ከዚያ ሥር የሚያሰፋ መድኃኒት ሰጥተው ድጋሚ ሊያነሡ ይችላሉ። የደሙ ፍሰት ከጨመረ አንጎልዎ መጠባበቂያ አለው። ካልጨመረ ሥሮቹ አቅማቸውን ጨርሰዋል ማለት ነው፤ ስጋቱ እዚያ ላይ ነው።

ኦፕራሲዮኑን በተመለከተ፣ እስቲ ጣትዎን ከጆሮዎ ፊት ለፊት ያሳርፉ። ትር ትር የሚል ሥር አለ። እሱን ራስ ቅል በስተው አንጎል ላይ ካለው ሥር ጋር ይሰፉታል። ጥበቡ ይደንቃል። ነገር ግን በፈረንጆች 1985 የወጣ፣ 1,377 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት ስትሮክን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ሥሩን በስቴንት፣ ማለትም ውስጡ ገብቶ ከፍቶ በሚይዝ ቀጭን የሽቦ ቱቦ፣ ማስፋትም አለ። በ2011 በወጣ ጥናት ስቴንት ከገባላቸው 14.7 በመቶው በ30 ቀን ውስጥ ስትሮክ ወይም ሞት ደርሶባቸዋል፤ በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት ግን 5.8 በመቶው። ስለዚህ ጎረቤት «ቶሎ ይቀደዱ» ሲልዎት አይስሙት። ምስሉ ክፉ ሆኖ ቢገኝ እንኳ ሐኪሞቹ ጉዳቱንና ጥቅሙን መመዘን አለባቸው።

እስከዚያው አስፕሪኑንና የኮሌስትሮሉን ክኒን «ተሻለኝ» ብለው እንዳያቆሙ። ጠበሉንም ይጠጡ፣ ክኒኑንም ይዋጡ። ለጾሙ የነፍስ አባትዎን ያማክሩ። የግፊቱን ክኒን በራስዎ ከፍ ዝቅ አያድርጉ፤ ግፊት ከመጠን በላይ ከወረደ በጠበበው ሥር የሚያልፈው ደም ያንሳል። አፍዎ ጠመም፣ እጅዎ ዛል ካለ «ይለቀኛል» ብለው አይጠብቁ። ሌሊትም ቢሆን ከመራዊ ባሕር ዳር ቅርብ ነው።

ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ በአውሮፕላን ይሁን፤ የዓባይን በረሃ ቁልቁለት በአውቶቡስ አይሞክሩት። ክኒኖቹን በሙሉ ከነካርቶናቸው፣ የድሮውን ፎቶም ከነሲዲው ይዘው ይምጡ። ትኬቱን እኔ እቆርጣለሁ።

ልጅዎ