የዋጋ ወረቀታችሁ ከማስጠንቀቂያው ላይ ይነሣ

ቀን፦ መስከረም 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለቀለምና የመኪና ማስዋቢያ ዕቃዎች አስመጪ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለፕላስቲክ የማይሆኑ የቀለም ማስለቀቂያና አንቲረስት (የዝገት መከላከያ) «ለፕላስቲክ ይሆናሉ» ተብለው ስለተሸጡልኝና ስላደረሱት ጉዳት ቅሬታ ስለማቅረብ

ዓርብ፣ ነሐሴ 26 ቀን 2015 ዓ.ም. መርካቶ ከሚገኘው መደብራችሁ አንድ ሊትር የቀለም ማስለቀቂያ፣ አንድ ቆርቆሮ የሚረጭ አንቲረስት፣ ሦስት ቆርቆሮ ብርማ ቀለምና ሁለት ቆርቆሮ ከላይ የሚደረብ ቫርኒሽ ገዝቼ በድምሩ 3,910 ብር ከፍያለሁ። የደረሰኙን ቅጂ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ከገዛሁ ዛሬ 13 ቀን ሆነኝ። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ሁለት ጊዜ በአካል መጥቼ ችግሬን ለማስረዳት ሞክሬ ሰሚ ስላጣሁ በጽሑፍ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

መኪናዬ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2008 የተሠራች ቶዮታ ያሪስ ናት። ከዱባይ የመጣች በመሆኗ ወደ እኔ ከመድረሷ በፊት ለዓመታት የበረሃ ፀሐይ ጠጥታለች። ሞተሯ ደህና ነው። ክሩስኮቷ ላይ ያሉት ሦስት ብርማ ፕላስቲኮች ግን፣ ማለትም ራዲዮኑን የከበበው፣ ከሥሩ ያለውና የማርሹ ዙሪያ፣ ቀለማቸው እየተላጠ ከሥር ጥቁሩ ይታይ ጀምሮ ነበር። ልጄን ትምህርት ቤት ሳደርስ በጥፍሯ እየፋቀች ታራግፈዋለች፤ ፍርፋሪው ዩኒፎርሟ ላይ ይቀራል። ክረምቱ ሳያልቅ፣ ትምህርት ሳይከፈት፣ በገዛ እጄ አድሼ ላስደስታት ፈለግሁ።

ሥራውን በግዴለሽነት አልጀመርሁም። በክሩስኮቱ ውስጥ የኤርባግ ሽቦ ስለሚያልፍ መጀመሪያ የባትሪውን ነጌቲቭ ፈትቼ ጥቂት ጠበቅሁ። የካቻቢቴውን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልዬ ክሊፖቹን አንድ በአንድ አነሣሁ። ብሎኖቹን በትናንሽ ፌስታል ለይቼ፣ የትኛው ከየት እንደወጣ ፎቶግራፍ አንሥቼ አስቀመጥሁ። ከዚያም ሦስቱንም ፕላስቲኮች በቦርሳ ይዤ እናንተ ዘንድ መጣሁ። ዕቃውን ይዤ የመጣሁት ምን ላይ እንደምሠራ ሻጫችሁ በዓይኑ አይቶ የሚሆነውን እንዲሰጠኝ ነው።

ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ «ወንድሜ፣ ይህ ፕላስቲክ ነው፤ ለፕላስቲክ የሚሆነውን ስጠኝ» አልሁት። ሻጩ አንሥቶ እንኳ አላገላበጠውም። «ጋሼ፣ ይህ ለሁሉም ይሆናል። ብረት ይሁን ፕላስቲክ አይመርጥም፤ ቀብተው አሥር ደቂቃ ይጠብቁና በጨርቅ ይጥረጉት» አለኝ። ከቀለሙ በፊት ምን እንደሚቀባ ስጠይቀው አንቲረስቱን አነሣልኝ። በዚህም አላበቃም፤ «እግረ መንገድዎን የኤርባጉንም ክዳን አብረው ያድሱት» ሲል መከረኝ። ይህን አለማድረጌን ሳስብ ፈጣሪን አመሰግናለሁ። የኤርባግ ክዳን አደጋ ሲደርስ በተወሰነለት መስመር ተቀዶ እንዲከፈት የተሠራ ነው። ማስለቀቂያ ቢነካው ወይም ቀለም ቢደራረብበት በዚያች ቅጽበት እንዴት እንደሚከፈት ማንም ዋስትና ሊሰጥ አይችልም። እንዲህ ያለ ምክር ከመደብራችሁ መውጣቱን ብቻ ለይታችሁ እንድታጣሩት እጠይቃለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ዝናብ ስለነበረ ግቢ ውስጥ መሥራት አልቻልሁም፤ አንዲት ትንሽ መስኮት ባላት ሰርቪስ ቤት ገባሁ። የማርሹን ዙሪያ ፕላስቲክ በጋዜጣ ላይ አስቀምጬ ማስለቀቂያውን በብሩሽ ቀባሁት። አራት ደቂቃ ሳይሞላ ቀለሙ ምጣድ ላይ እንዳለ እንጀራ ዓይን ዓይን አወጣ። ሥራው የሰመረ መስሎኝ ደስ አለኝ። በሰባተኛው ደቂቃ ግድም በጨርቅ ልጠርገው ስል ጨርቁ ተጣብቆ ቀረ። ሳብ ባደርገው ከቀለሙ ጋር ፕላስቲኩ ራሱ እንደ ማስቲካ ተስቦ መጣ። ከጋዜጣው ላይ ላነሣው ስሞክር በጓንት ውስጥ ያለ አውራ ጣቴ ጠርዙ ላይ ሰጠመ። አሁን ደርቆ እንደ ድንጋይ ጠንክሯል፤ ጣቴ የገባበት ጉድጓድ ከጓንቱ ሽብሽብ ጋር ተቀርጾበት ይታያል። ማርሹን የሚይዘው ቀዳዳም ተጣምሞ ከቦታው አይገጥምም።

ራሴን ይወቅረኝ ጀመር፤ አፌም ጣፋጭ ጣፋጭ አለኝ። ልጄ «አባዬ፣ ላግዝህ» ብላ በሩን ስትከፍት ጮኼ አስወጣኋት። ከዚያ በኋላ ነው ቆርቆሮውን አንሥቼ ደጅ ወጥቼ ማየት የጀመርሁት። የድርጅታችሁ ስምና ዋጋ የታተመበት ነጭ ወረቀት በጀርባው በኩል ተለጥፎበታል። በእርጥብ ጨርቅ አሽቼ አነሣሁት። ከሥሩ በእንግሊዝኛ፣ በቀይ ቀለም፣ ለፕላስቲክ እንዳይውል፣ አየር በደንብ በማይገባበት ቤት ውስጥም እንዳይሠራበት የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ወጣ።

የዚህ ደብዳቤ ዋና ነገር ይህ ነው። አምራቹ ማስጠንቀቂያውን ጽፎ ልኳል፤ የሸፈነው የእናንተ ወረቀት ነው። ባዶ ቦታ በቆርቆሮው ፊት ለፊት ሞልቶ ሳለ ዋጋው ማስጠንቀቂያው ላይ ለምን እንደተለጠፈ አላውቅም። ሁለተኛ ጊዜ ስመጣ መደርደሪያችሁ ላይ የነበሩትን ሌሎች ቆርቆሮዎች አገላብጬ አይቻለሁ፤ ያየኋቸው ሁሉ እዚያው ቦታ ላይ ተለጥፎባቸዋል። ስለዚህ ነገሩ የእኔን አንድ ቆርቆሮ ብቻ የሚመለከት አይደለም።

በወረቀቱ ሥር ከተዘረዘሩት ንጥረ ነገሮች የመጀመሪያው ሜቲሊን ክሎራይድ ነው። ይህ ፈሳሽ ቀለምን እንደሚያለቅቅ ሁሉ ኤቢኤስ የሚባለውን ፕላስቲክ ያሟሟል፤ የብዙ መኪኖች የክሩስኮት ክፍል ደግሞ ከኤቢኤስ የሚሠራ ነው። ትነቱ ሲተነፈስ ሰውነት ውስጥ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል፤ ይህም የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ሰው የሚገድልበት ጋዝ ማለት ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ይህ ንጥረ ነገር ያለበት ማስለቀቂያ ለተራ ሸማች እንዳይሸጥ ተከልክሏል፤ በአሜሪካም በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2019 ጀምሮ እንዲሁ። በእኛ አገር እንዲሸጥ ከተፈቀደ ደግሞ ቢያንስ ገዢው መስኮት ከፍቶ፣ ልጆች አርቆ እንዲሠራ ሊነገረው ይገባል። ለእኔ የነገረኝ የለም፤ የተጻፈውም ተሸፍኖ ነበር።

የቀሩትን ሁለት ፕላስቲኮች በማስለቀቂያ አልነካኋቸውም። በውኃ እየነከርሁ፣ መጀመሪያ በ400 ከዚያ በ600 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ለሁለት ቀን ፈገፈግኋቸው። በሳሙና አጥቤ አደረቅሁ። የሻጫችሁን ቃል አምኜ አንቲረስቱን ረጨሁ፤ በላዩ ብርማውን ቀለም በስስ በስሱ ሦስት ጊዜ፣ በየመካከሉ እያደረቅሁ ደረብሁበት፤ በቫርኒሹ ጨረስሁ። እውነት ለመናገር እጅግ አምሮ ነበር። ጳጉሜን 1 ቀን ጠዋት ፕላስቲኩን ወደ ቦታው ስመልስ ክሊፑ የነካው ጠርዝ ተላጠ። በጥፍሬ ያዝ ባደርገው እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ፣ ሳይቆራረጥ፣ የመዳፌን ያህል ሆኖ ተገፍፎ መጣ። አንቲረስቱ ከቀለሙ ጋር አብሮ ወጥቶ ፕላስቲኩ ምንም እንዳልነካው ጥቁርና ንጹሕ ሆኖ ቀረ።

ምክንያቱን የነገሩኝ ከሰፈራችን ጋራዥ ዕድሜያቸውን በባትላሜራና በቀለም ሥራ የፈጁ አንድ አባት ናቸው። ፕላስቲኩን ገልብጠው ከጀርባው የተቀረጸችውን ትንሽ ጽሑፍ አሳዩኝ። የቀለጠው ላይ ኤቢኤስ ይላል፤ ሁለቱ ላይ ፒፒ፣ ማለትም ፖሊፕሮፒሊን። ከዚያ ከሁለቱም ዓይነት ጀርባ በቢላዋ ጥቂት ፋቁና ፍቅፋቂውን ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጨመሩት። የኤቢኤሱ ሰጠመ፤ የፒፒው ተንሳፈፈ። «የሚንሳፈፈው ቀለም አይወድም ልጄ፤ መጀመሪያ የሚያጣብቀውን ካልቀቡት ምንም ቢለፉበት ይገፈፋል» አሉኝ። ለእንዲህ ያለው ፕላስቲክ የተለየ የፕላስቲክ ፕራይመር አለ። አንቲረስት ብረትን ከዝገት የሚጠብቅ ነው፤ ፕላስቲክ ደግሞ አይዝግም። ይህን አንድ የጋራዥ ባለሙያ በአንድ ብርጭቆ ውኃ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ አስረዳኝ። ቀለም አስመጥቶ መሸጥ ሥራው የሆነ ድርጅት ሠራተኞቹን ይህን አለማስተማሩ ያሳዝነኛል። ይበልጥ ያስቆጨኝ ደግሞ የፕላስቲክ ፕራይመሩ በዚያው ቀን፣ በዚያው መደብራችሁ፣ ከሻጩ ጀርባ ባለው መደርደሪያ ላይ እንደነበረ ማወቄ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ስመጣ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ጳጉሜን 2 ቀን ሦስቱንም ፕላስቲኮች ይዤ መጣሁ። ሻጩ ያን ቃል አለመናገሩን ገለጸልኝ። ተቆጣጣሪው ወጥተው ደረሰኙን አዩና ከግርጌው ያለውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን በጣታቸው አሳዩኝ። የተላጠውን ወረቀትና ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ሳሳያቸው፣ «እንግሊዝኛ ማንበብ ይችሉ የለም እንዴ፣ ወረቀቱን አንሥተው ማየት ነበረብዎት» አሉኝ። ጳጉሜን 5 ስመለስ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ከበዓል በኋላ እንደሚገቡ ተነግሮኝ ሄድሁ። ስድብ አልተሰደብሁም፤ ነገር ግን ገንዘቡን ከፍሎ የተጎዳ ሰው ጥፋተኛ ተደርጎ ከሱቅ ሲወጣ የሚሰማውን ተሰምቶኛል። በዙሪያዬ ሌሎች ገዢዎች ነበሩ፤ አንዱ ያንኑ ማስለቀቂያ ይዞ ለመክፈል ተሰልፎ ነበር። ለእርሱ የቆርቆሮውን ጀርባ አዙሬ አሳየሁት፤ መልሶ አስቀመጠው። በዚህም ተቆጣጣሪው ተቆጥተውኛል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ በዕቃው ምክንያት ለደረሰበት ጉዳትም ካሣ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። በደረሰኝ ግርጌ የታተመ ዓረፍተ ነገር ይህን መብት አይሽርም። እኔ ዕቃውን «አልወደድሁትም» ብዬ ልመልስ አልመጣሁም። የጠየቅሁት ሌላ፣ የተሰጠኝ ሌላ፣ ማስጠንቀቂያውም የተሸፈነ መሆኑን ነው የምለው።

ስለዚህ የከፈልሁት 3,910 ብር እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ቀለሙና ቫርኒሹ በራሳቸው ጉድለት ላይኖራቸው ይችላል፤ ሆኖም የማይሆን አንቲረስት ላይ ስላስረጫችሁኝ ባክነዋል። የተበላሹትን ፕላስቲኮች በተመለከተ ሶማሌ ተራ ሁለት ቀን ዞሬ የራዲዮኑን ዙሪያና የማርሹን ዙሪያ አሮጌ አግኝቻለሁ፤ ሁለቱን በ6,500 ብር ገዝቻለሁ፤ ይህም እንዲተካልኝ እጠይቃለሁ፤ ደረሰኙ ተያይዟል። ሦስተኛው አልተገኘም። እርሱን ፍቄ ዳግም ለመቀባት የሚያስፈልገኝን የፕላስቲክ ፕራይመር ብትሰጡኝ ለዚህኛው ተጨማሪ ገንዘብ አልጠይቅም። የሁለት ቀን ድካሜንም በሒሳብ አላስገባሁም።

ከገንዘቡ ይልቅ አጥብቄ የምጠይቀው ግን የዋጋ ወረቀቶቹ ከማስጠንቀቂያው ላይ ተነሥተው ፊት ለፊት እንዲለጠፉ፣ ለማስለቀቂያው ደግሞ በአማርኛ ለፕላስቲክ እንደማይሆንና በተዘጋ ቤት እንደማይሠራበት የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲጨመርበት ነው። ይህ ለድርጅታችሁ የአንድ ቀን ሥራ ነው። እስኪሠራ ድረስ ቆርቆሮዎቹ ከመደርደሪያው እንዲወርዱ እለምናለሁ። ሰርቪስ ቤት በር ዘግቶ፣ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ የሚሠራ ሰው ዛሬም ሊኖር ይችላል።

የቀለጠውን ፕላስቲክ፣ የተገፈፈውን ቀለምና ወረቀቱን ያነሣሁበትን ቆርቆሮ አልጣልኋቸውም፤ ቤቴ በካርቶን ውስጥ አሉ። ባለሙያ ልካችሁ ማየት ብትፈልጉ በፈለጋችሁት ሰዓት አሳያለሁ፤ ወይም ወደ ቢሯችሁ አመጣለሁ። እስከ መስከረም 18 ቀን 2016 ዓ.ም. የጽሑፍ መልስ እጠብቃለሁ። እስከዚያ ካልደረሰኝ ጉዳዩን ከነማስረጃው ለሚመለከተው የሸማቾች ጥበቃ አካል አቀርባለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ
(ፊርማ)

አባሪ፦ የግዢ ደረሰኝ ቅጂ፣ የሶማሌ ተራ ግዢ ደረሰኝ ቅጂ፣ የቆርቆሮውና የሦስቱ ፕላስቲኮች ፎቶግራፍ 7 ገጽ

ግልባጭ፦ ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት