ከአባዬም ከእኔም፣ እግዚአብሔር ይስጥልን

ባለፈው ሐሙስ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ጽሑፌን አቅርቤ አለፍኩ። አባዬ ከፊት ወንበር ላይ ኮቱን ለብሶ ተቀምጦ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ለዚያ ቀን ይደርሳል ያለ ሰው አልነበረም። የማመሰግነው ሰው ብዙ ስለሆነ ደውዬ አልጨርሰውም። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ከጎረቤታችን ከጋሼ ልጀምር። ስሜን እንዳትጠሪ ብለው ለምነውኛል። አባዬ ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት ይነሳ ነበር። ይሄን ለሴት ልጆቹ መናገር ነውር መሰለው። ወገቡን ሲያመው አንድ ክሊኒክ ሄዶ "ዕድሜ ነው" ተባለና የሕመም ማስታገሻ ይዞ ተመለሰ። ስምንት ወር እንዲሁ አለፈ። አንድ ማለዳ ጋሼ በራችንን አንኳኩ። "ልጄ፣ አባትሽ ሽንቱ ተዘግቶበት ነው ያደረ፤ አልነግራትም ብሎ ነው" አሉኝ። ባጃጁን በር ላይ አቁመውት ነበር። ጋሼ፣ ምስጢሩን ስላወጡብን ዕድሜ ይስጥልን። እናንተም አባታችሁ ሌሊት ስንቴ እንደሚነሳ እባካችሁ ጠይቁት።

ሆስፒታል ያገኘኋትን ነርስም አልረሳትም። ቱቦ ልታስገባለት ስትቀርብ አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ምንም አላለችም። ጓንቷን አውልቃ ወጣችና ወንድ ባልደረባዋን ይዛ ተመለሰች። እህቴ፣ ያን ቀን የአባቴን ክብር ጠብቀሽለታል።

ውጤቱ የፕሮስቴት ካንሰር ሆነ፤ ፕሮስቴት ከወንድ ፊኛ ሥር ያለ ዕጢ ነው። አጥንቱ ውስጥ ገብቷል። አሁን በየሦስት ወሩ የወንድ ሆርሞኑን የሚያወርድ መርፌ ይወጋል። ሐኪሙ ቻርልስ ሀጊንስ እ.ኤ.አ. በ1966 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ይሄ ካንሰር በሆርሞን እንደሚታከም በማሳየቱ ነው። መርፌው ካንሰሩን ያስተኛዋል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ውሎ አድሮ ይነቃል። ሲነቃስ? የጽሑፌ ርዕስ የመጣው ከዚህ ጭንቀት ነው።

እማዬ ዕድሜዋን ቡና ማበጠሪያ ቤት ተቀምጣ ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው ስትለይ ነው ያሳለፈችው። አንድ ማታ ምን እንደማጠና ስትጠይቀኝ ሰፌዱን አቀረብኩላት። ለቃሚ ፍሬውን ሰንጥቃ አታይም፤ ላዩን አይታ ነው የምትለየው። አንቲቦዲም፣ ማለትም ሰውነት ባዕድ ነገርን ለይቶ ለመያዝ የሚሠራው፣ ለመድኃኒትም የሚውለው ፕሮቲን፣ እንዲሁ ነው። ሴሉ ውስጥ የተደበቀውን አያይም። የሚይዘው ሴሉ ላይ፣ ከውጭ የወጣ ፕሮቲን ይፈልጋል። እማዬ አንድ ፍሬ አንስታ አገላብጣ አየችና "ደህናው ላይም ያው ምልክት ቢኖርስ?" አለችኝ። የጽሑፌ ግማሽ ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው።

ፒኤስኤምኤ የሚባለው ፕሮቲን የፕሮስቴት ካንሰር ላይ በብዛት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ውስጥ የጸደቀ አንድ መድኃኒት እሱን እየፈለገ ሉቴሺየም የተባለ ጨረር አመንጪ ነገር ያደርስበታል። ግን የምራቅ ዕጢዎችም ስለሚስቡት ብዙ ታካሚ አፉ ይደርቃል። አንዳንዱ ካንሰር ደግሞ ፒኤስኤምኤውን ጭራሽ ይጥለዋል። ስለዚህ እንደ ስቲፕ 1 ያሉ ሌሎች ምልክቶችም ይፈተሻሉ። ደህና አካል ላይ አነስ ብለው፣ ካንሰሩ ላይ በዝተው መገኘታቸውን ማጣራት ነበር የእኔ ሥራ።

አማካሪዬ ዶክተር ትልቅ ስህተት አርመውልኛል። ፕሮቲኑን የሚያሠራው ጂን በርትቶ ሲሠራ ሳይ ፕሮቲኑ ሴሉ ላይ አለ ብዬ ደምድሜ ነበር። ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም። አራት ወር ወደ ኋላ መለሱኝ። አልቅሼ ነበር፤ አሁን ግን አመሰግንዎታለሁ።

መረጃውን ያገኘሁት በነጻ ነው፤ ቲሲጂኤ ከሚባለው የአሜሪካ የካንሰር ጂኖች መረጃ ቋትና ፕሮቲኖች በየትኛው የሰውነት ክፍል እንደሚገኙ ከሚያሳየው ከስዊድኑ የሰው ፕሮቲን አትላስ። ቲሲጂኤ ውስጥ ወደ 500 የሚጠጉ የፕሮስቴት ካንሰር ታማሚዎች አሉ። የካንሰር ዕጢያቸው ለጥናት ይዋል ብለው የፈቀዱ ሰዎች ናቸው። ለእኔ ቁጥር ብቻ ሆነው ነው የመጡት፤ እያንዳንዱ ግን የአንድ ቤት አባት ነበር። በማያነቡት ቋንቋ ቢሆንም አመሰግናቸዋለሁ። እንደ አባዬ ያለ አፍሪካዊ እዚያ ውስጥ እምብዛም አለመኖሩ ግን ያንገበግበኛል።

መርካቶ ላፕቶፕ የሚጠግነው ልጅ፣ አንተንም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ማሽኔ ሲቃጠል ሁለት ሌሊት ሳትተኛ ፋይሌን አወጣህልኝ። ብር ስሰጥህ "ለአባትሽ መድኃኒት ግዢበት" አልከኝ። ገዝቼበታለሁ።

ሐሙስ ከአዳራሹ ስንወጣ አባዬ ክንዴን ይዞ "ታዲያ ተገኘ?" አለኝ። "ገና ነው አባዬ፤ የሚፈለግበት ቦታ ግን ጠቧል" አልኩት። "ደግ፣ ቀጥይበት" አለኝና ቀስ እያለ ደረጃውን ወረደ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችን ቡና ይፈላል። እማዬ ፍሬውን አንድ በአንድ ለቅማ ጨርሳለች። ጋሼ፣ እርስዎ ካልመጡ አይጠጣም።