ማሽኑን ከመግዛታችሁ በፊት ፕሮግራሙን ተማሩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ለጋዜጣ ደብዳቤ ስጽፍ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው፣ ግን ሰሞኑን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ስለሰነበተ ዝም ማለት አልቻልኩም። ቴሌግራም ላይ ያገለገሉ ዕቃዎች የሚሸጡባቸውን ግሩፖች የምታዩ ከሆነ አንድ ማስታወቂያ እየተደጋገመ ይመጣል፣ «ክሪከት ማሽን፣ ብዙም ያልተሠራበት፣ ከነካርቶኑ» ይላል፣ ወረቀትና ስቲከር የሚቆርጠው የቤት ማሽን ማለት ነው። ፎቶውን ሳሰፋው የሚቆረጠው ወረቀት የሚለጠፍበት አረንጓዴው ማት ላይ ያለችው ስስ ላስቲክ እንኳን ገና አልተላጠችም። ያንን ሳይ አንጀቴን ይበላኛል፣ ምክንያቱም ያ ማሽን የአንዲት እህት የዕቁብ ብር ነው፣ ወይ ደግሞ ውጭ ያለ ዘመድ ከልብሱ ቀንሶ በሻንጣ ያመጣላት ነው፣ የምትሸጠውም ማሽኑ ተበላሽቶ ሳይሆን ፕሮግራሙን ቁጭ ብሎ የሚያሳያት ሰው አጥታ ነው። ይሄን በእርግጠኝነት የምናገረው እኔም ለመሸጥ ፎቶ አንስቼ ስለነበረ ነው።

ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ክሪከት፣ ሲሉዌት፣ ብራዘር የሚባሉት እነዚ ማሽኖች የቤት ፕሪንተር ያክላሉ፣ በቀለም ፈንታ ትንሽዬ ምላጭ አላቸው፣ ወረቀት፣ ስቲከር፣ ቲሸርት ላይ በሙቀት የሚለጠፈውን ቪኒል የሚባል ስስ ላስቲክ በተሰጣቸው መስመር ይቆርጣሉ። ማስታወቂያ ቤቶች ካሏቸው ትልልቅ ከተር ፕሎተሮች የሚለዩት በመጠን ነው እንጂ ሥራው አንድ ነው፣ ብዙዎቹ 12 ኢንች ማለትም 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ይቆርጣሉ። ብዙዎቹ ማሽኖች በራሳቸው ምንም አያውቁም። ምላጩ የት ጀምሮ የት እንደሚዞር የሚነግረው ኮምፒውተሩ ወይ ስልኩ ላይ ያለው የዲዛይን ፕሮግራም ነው፣ ዋናው ሥራ ያለው እዛ ነው፣ ገዢው ግን ይሄን የሚያውቀው ብሩን ከከፈለ በኋላ ነው።

እኔ አዲስ አበባ ነው የምሠራው፣ የልደት፣ የክርስትና፣ የምረቃ ዲኮር። ማሽኗን እህቴ ከሜሪላንድ ስትመጣ ይዛልኝ መጣች። ከዛ ከፍዬ አንድ ቦታ ስልጠና ገባሁ። ስሙን መጥቀስ አልፈልግም፣ አስተማሪውም ክፉ ሰው አልነበረም፣ ግን ያስተማሩን የትኛው በተን ላይ ክሊክ እንደሚደረግ ብቻ ነው። ዝግጁ ቢራቢሮ አምጡ፣ አሳድጉ፣ አሳንሱ፣ ቁረጡ። ልብ ቁረጡ፣ አበባ ቁረጡ፣ በእንግሊዝኛ «ሃፒ በርዝደይ» ቁረጡ። ሁሉም ቆንጆ ሆኖ ወጣልን፣ ሰርተፍኬት ይዘን ወጣን። የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ግን ቢራቢሮ አልጠየቀችኝም። ለልጇ ኬክ ላይ የሚተከል «መልካም ልደት» የሚል ጽሑፍ ነው የፈለገችው፣ በአማርኛ፣ በወርቃማ ብልጭልጭ ወረቀት።

እስቲ የሆነውን እንዳለ ልንገራችሁ። ጽሑፉን ጻፍኩ፣ ፊደሎቹ ተራርቀው ስለታዩኝ ቃሉን በትኜ አንድ በአንድ አቀራረብኳቸው፣ ስክሪኑ ላይ በጣም አማረ። ቁረጥ ስለው ማት ላይ ሰባቱም ፊደል በየቦታው ተበትኖ መጣ፣ ደ ከላይ፣ ት ጥግ ላይ። ለካ ፕሮግራሙ ወረቀት ለመቆጠብ እያንዳንዱን ቁራጭ ወደ ፈለገበት ያዘዋውራል፣ በነበሩበት እንዲቆዩ ከተፈለገ «አታች» መባል አለባቸው። እሺ አታች አደረግኩ፣ እንደገና ቆረጥኩ፣ አሁን ቦታቸውን ይዘው መጡ ግን ከማቱ ሳነሳቸው ሰባት የተለያየ ፊደል ነው እጄ ላይ የቀረው። የእንግሊዝኛው ተያያዥ የእጅ ጽሑፍ ፎንት ሲሆን አንዱ ፊደል ሌላውን ስለሚነካ በ«ዌልድ» አንድ ወጥ ይሆናል። የኛ ፊደል እኮ ተነጣጥሎ ነው የሚቆመው፣ የሚበየድ ነገር የለውም። ከሥሩ ወፍራም መስመር ማስተኛት፣ የፊደሎቹን እግር መስመሩ ውስጥ ትንሽ ማስገባት፣ ከዛ ነው መበየድ። ይሄን ሰርተፍኬት በሰጠኝ ስልጠና አንድ ቀን እንኳን አልሰማሁትም። ያን ሌሊት እስከ ስምንት ሰዓት ቁጭ ብዬ ሰባቱን ፊደል በሙጫ ቀጭን እንጨት ላይ ለጥፌ ሰጠኋት፣ ጠዋት ማሽኗን ፎቶ ያነሳኋት ያኔ ነው።

ያልሸጥኩት አንድ የመርካቶ ስቲከር ሠራተኛ ወንድማችን ስላዳነኝ ነው። ቪኒል ልገዛ ሄጄ ሳማርረው «አንቺ ማሽኑን ተይው፣ መጀመሪያ ቬክተር ምን እንደሆነ እወቂ» አለኝና ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ፊደል አሳድጎ በዙሪያው ያሉትን ነጥቦች አሳየኝ። ነጥቧን ሲጎትታት መስመሩ አብሮ ይጎብጣል። ቬክተር ማለት እንዲህ በነጥብና በመስመር የተሠራ ሥዕል ነው፣ ምላጩ የሚሄደው በዚህች መስመር ነው፣ ሌላ ነገር አያይም አለኝ። አስር ደቂቃ አልፈጀም፣ ከዛ በኋላ ግን የማየው ሁሉ ተለወጠ።

ለምሳሌ ደንበኛ ሎጎ ሲልክልኝ። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ከላከው ተጨምቆ ጠርዙ ሁሉ ደብዝዞ ነው የሚደርሰው፣ ያንን ትሬስ ሳደርገው፣ ማለትም ፎቶውን ወደ መስመር ሳስቀይረው፣ ፕሮግራሙ የደበዘዘውን ሁሉ መስመር ነው ብሎ በሺ የሚቆጠር ነጥብ ይረጭበታል፣ ምላጩም በየነጥቡ እየተንቀጠቀጠ ቪኒሉን ይቦጫጭቀዋል። አሁን መጀመሪያ የምለው «እባክህ እንደ ፋይል ላክልኝ» ነው፣ ከዛ ነጥቦቹን እቀንሳለሁ፣ የቀረውን በእጄ አስተካክላለሁ። ማሽኑ የተበላሸ መስሏችሁ ምላጭ የቀየራችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ፣ ጥፋቱ ፋይሉ ላይ ሆኖ ሳለ።

ፕሮግራሙን በተመለከተ ሰው ሁሉ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። የክሪከት ዲዛይን ስፔስ ያለ አካውንት አይሠራም፣ ለአብዛኛው ሥራ ኢንተርኔትም ይፈልጋል፣ ዲዛይኑን ቀድማችሁ ካላወረዳችሁት ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራም አብሮ ይቆማል። ውስጡ ያሉት ብዙዎቹ ዝግጁ ሥዕሎች በክፍያ ናቸው፣ ከዚህ ሆኖ በየወሩ በዶላር መክፈል ደግሞ ለኛ ቀላል አይደለም፣ በተለይ ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ነገር ከተለወጠ በኋላ። በ2021 እ.ኤ.አ. መጋቢት ላይ ኩባንያው የራሳችሁን ሥዕል የምታስገቡት በወር 20 ብቻ ነው፣ ከዛ በላይ ክፈሉ ሊል ነበር፣ ደንበኞች በየቦታው ስለጮሁ ነው የተወው። እኔ ከዚህ የተማርኩት ሥራዬ በአንድ ኩባንያ ፕሮግራም ውስጥ ብቻ መቀመጥ እንደሌለበት ነው። ስለዚህ ዲዛይኑን ሁሉ የምሠራው ኢንክስኬፕ ላይ ነው። ኢንክስኬፕ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነፃ ፕሮግራም ነው፣ አይገዛም፣ ክራክ መፈለግም አያስፈልግም፣ አንዴ ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ አቅሙ ደከም ባለ ላፕቶፕም ይሄዳል። ኤስቪጂ በሚባለው የቬክተር ፋይል ዓይነት አስቀምጬ ወደ ዲዛይን ስፔስ የማስገባው ለመቁረጥ ብቻ ነው። ሲሉዌት ያላችሁ ደግሞ ነፃው ሲሉዌት ስቱዲዮ ኤስቪጂ አይከፍትም፣ ዲኤክስኤፍ በሚባለው ሌላ የፋይል ዓይነት አስቀምጡለት ይከፍታል። ኮረልድሮው የሚባለውን የዲዛይን ፕሮግራም የምትችሉ ከሆነ አዲስ ነገር መማር እንኳን አያስፈልጋችሁም፣ ሐሳቡ አንድ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሕመሜ ልምጣ፣ የፊደላችን ነገር። ፊደላችን ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት መለያ ሥርዓት፣ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ኮምፒውተር ላይ መጻፍ ችግር መሆኑ ካበቃ ቆየ። መቁረጥ ግን ሌላ ነው። የነዚ ማሽኖች ዝግጁ ፎንቶች ባብዛኛው ለላቲን ፊደል የተሠሩ ናቸው፣ ስለዚህ ኮምፒውተራችን ላይ የተጫነውን የራሳችንን ፎንት ነው የምንመርጠው። ኒያላ የሚባለው የአማርኛ ፎንት ለማንበብ በጣም ያምራል፣ ግን ቀጫጭን መስመሮች ስላሉት አነስ አድርጋችሁ ስትቆርጡት ቪኒሉ ሲላጥ አንገቱ ይበጠሳል። እኔ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወፍራሙን ነው የምጠቀመው፣ እሱም ነፃ ነው። ፓወር ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ የተጻፈ ፋይል ከመጣባችሁ ደግሞ ፎንቱ ከሌላችሁ የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ይከፈታል፣ ላኪው መጀመሪያ ጽሑፉን ወደ ከርቭ፣ ማለትም ወደ መስመር፣ ቀይሮ እንዲልክ ንገሩት፣ ከርቭ ከሆነ በኋላ ፎንት አይፈልግም፣ ሥዕል ነው።

ስቴንስል፣ ማለትም ፊደሉ ተቆርጦ ወጥቶ በቀዳዳው ቀለም የሚረጭበት ሰሌዳ፣ የሚሠራ ሰው ካለ ይሄን ልብ ይበል። አንድ ማር ነጋዴ ካርቶኖቹ ላይ በስፕሬይ የሚረጨው «ንጹህ ማር» የሚል ስቴንስል አዘዘኝ። ቆርጬ ሳነሳው የማ ሁለት ዐይኖች ወደቁ። ቀለም ሲነፋበት ማ መሆኗ ቀርቶ ሁለት ጥቁር ጠብታ ሆነች። መ፣ ፀ፣ ዐ፣ ውስጣቸው የተዘጋ ፊደሎቻችን ሁሉ እንዲህ ናቸው፣ መሀላቸውን ከውጪው ጋር የሚያገናኝ ድልድይ ይፈልጋሉ። አሁን በየዐይኑ ሁለት ሚሊ ሜትር ድልድይ በእጄ እሠራለሁ፣ ከላይና ከታች፣ አንድ ብቻ ከሆነ ሲረጠብ ይጠማዘዛል። የላቲኑ ተጠቃሚ ድልድዩ ተሠርቶለት የተዘጋጀ የስቴንስል ፎንት እንደልቡ ያገኛል። እኛ ፎንት የሚሠሩ ጎበዝ ልጆች አሉን፣ እባካችሁ አንድ ለመቁረጥ የሚሆን፣ ወፈር ያለ፣ ዐይኑ የማይወድቅ የግዕዝ ፎንት ሥሩልን፣ እኔ በበኩሌ ከፍዬ እገዛለሁ፣ እንደኔ የሚገዛም ብዙ ነው።

ለአሰልጣኞችም የምለው አለኝ። የመጀመሪያውን ቀን ማሽኑን አታብሩት። ተማሪው የራሱን ስም በአማርኛ ይጻፍ፣ ወደ መስመር ይቀይር፣ ነጥቦቹን ይጎትት፣ ይበይድ፣ ድልድይ ይሥራ፣ ለቲሸርት ከሆነ መገልበጥ እንዳለበት ይወቅ (እኔ ሳልገለብጥ ቆርጬ የተመራቂዎች ቲሸርት ላይ ጽሑፉ ወደ ኋላ ሄዶ አስራ ሁለት ቲሸርት ከኪሴ ከፍያለሁ)። ስሙን አስተካክሎ መቁረጥ የቻለ ተማሪ ቢራቢሮውን ሳታስተምሩት ይቆርጠዋል። ማሽን ልትገዙ የተነሳችሁ እህቶቼም፣ ዕቁባችሁ እስኪደርስ ያሉትን ወራት ኢንክስኬፕ አውርዳችሁ ተለማመዱበት፣ ለመለማመድ ማሽን አያስፈልግም። ከወደዳችሁት ግዙ። ካልወደዳችሁት ብራችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ነው።

ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ልመና ብቻ አለኝ። እንዲህ ያለው ትምህርት ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙ እጀ ወርቅ የሆኑ ሴቶች ቃሉን እየፈሩ ነው የሚቀሩት። እኔ ለሁለት ረዳቶቼ ሳስተምር ቃላቱን በአማርኛ ነው የምነግራቸው፣ ዌልድን መበየድ፣ አታችን ማያያዝ፣ ሚረርን መገልበጥ፣ ኖድን ነጥብ፣ ኦፍሴትን ዙሪያ ጠርዝ እላቸዋለሁ፣ ስቲከሩን ብቻ ቆርጦ ከሥሩ ያለውን ወረቀት የሚተወውን አቆራረጥ «ላይ ላዩን» ነው የምንለው። አንዷ ረዳቴ እንግሊዝኛ አታነብም፣ ግን በሦስት ሳምንት «መልካም ልደት»ን ከኔ አሳምራ ትቆርጣለች። በቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ በየሳምንቱ ትንሽ ቦታ ብትሰጡ ቃላቱን ከነትርጉማቸው፣ ከነሥዕላቸው አዘጋጅቼ አመጣለሁ፣ ክፍያ አልጠይቅም። ደብተሬ ላይ እስካሁን ወደ ሠላሳ ቃል ደርሷል፣ ለትሬስ ግን ጥሩ አማርኛ አላገኘሁለትም፣ ከአንባቢዎቻችሁ የሚያውቅ ካለ በእናንተ በኩል ይላክልኝ።

አክባሪያችሁ፣ የዲኮር ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ