መብራቱ እኮ አልደበዘዘም

ድሬዳዋ፣ ኅዳር ወር

ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበትክ? ልጆቹ ደህና ናቸው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እናቴም ደህና ናት፤ ቡና በተፈላ ቁጥር ስምህን ታነሳለች።

ሦስት ዓመት ሙሉ ተኳርፈን ቆየን። ልጽፍልህ ተነስቼ የተውኩበት ጊዜ ብዙ ነው። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ እህትህን አገኘኋት። አዳማ ላይ አሮጌ ዶልፊን ሚኒባስ ገዝተህ እየሠራህ መሆኑን ነገረችኝ፣ ደስ አለኝ። ቀጥላ ግን «ጠዋት ጠዋት አልነሳ እያለችው ተቸግሯል፤ ባትሪ ቀይር ብለውታል» አለችኝ። ባትሪ የሚለውን ቃል ስሰማ ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ያን ታኅሣሥ 18 ጠዋት አልረሳኸውም። ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር ቆመናል። የቁልቢ ተጓዦች ጧፋቸውን ይዘው አብረን የምንሠራባትን መኪና ሞልተዋታል። ቁልፉን አዞርኩ። «ጣ» አለችና ዝም። ደግሜ አዞርኩ፣ አሁንም «ጣ»። ሰዉ አንድ አንድ እያለ ወርዶ ሌላ መኪና ፍለጋ ሄደ። እኔም በሰው ፊት «ማታ መብራት ሳታጠፋ ሄደህ ባትሪውን ገደልከው» ብዬ ጮኽኩብህ። አንተ የመለስክልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መብራቱ እኮ አልደበዘዘም» አልከኝ። አልሰማሁህም። ገፍተን አስነሳናት። አንተ ግን አልተሳፈርክም።

ከዚያ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ሁለት ሳምንት ያህል ሰላም ሆነች፤ ጥፋቱ ያንተ እንደነበር እርግጠኛ ሆንኩ። ከዚያ አንድ ቀን ደንገጎ ላይ ተሳፋሪ ላወርድ ባጠፋት፣ «ጣ»። ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞ አስፈታሁ። የባትሪውን ገመድ አስቀየርኩ። አንዳንድ ቀን ትነሳለች፣ አንዳንድ ቀን አትነሳም። ከዓመት በላይ እንዲህ ስገፋትና ሳስገፋት ኖርኩ።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ዘንድ ወሰድኳት። ገና ምንም ሳይፈታ ቮልት የሚለካበትን ቴስተር ባትሪው ላይ አደረገ። 12.6 ቮልት። «አሁን ቁልፉን አዙር» አለኝ። «ጣ» አለች። ቁጥሩ ግን ከ12.5 አልወረደም። እጁን እየጠራረገ እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። ባትሪ ደካማ ቢሆን ማስነሻው ሞተሪኖ ሞተሩን ሊያዞር ሲል ቮልቱ ከ9.6 በታች ይወርዳል፣ ከመሪው ፊት ያለው የክሩስኮቱ መብራትም ይደበዝዛል። ቮልቱ ንቅንቅ ካላለ ኃይሉ ሞተሪኖው ውስጥ አልገባም ማለት ነው። ባትሪው ምንም አልሆነም።

አቦ፣ እዚያው ቁጭ አልኩ። አንተ ያለ ቴስተር፣ በዓይንህ ብቻ አይተህ የነገርከኝ ይህንኑ ነበር።

የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቅሎ፣ የጋቢናውን ወንበር አንስቶ ሞተሪኖውን አወረደው። ከኋላው ያለችውን ክዳን በሦስት ብሎን ፈታ። ውስጧ ሁለት የመዳብ ቁራጮች አሉ። ቁልፍ ስታዞር አንድ ዘንግ ወደ እነሱ ይሳባል፣ የ«ጣ» ድምፁ እሱ ነው። ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለችው ክብ መዳብ ሁለቱን ስታገናኝ ኃይሉ ያልፋል። አንደኛዋ ቁራጭ በእሳት ፍንጣሪ ተበልታ ተበልታ፣ መሃሏ እንደ አካፋ አፍ ጎድጉዷል። ዘንጉ ይሄዳል፣ ግን አይደርስባትም። ሲቀናው ጠርዟን ይነካል፣ ያን ቀን ትነሳለች። ሁለቱን መዳቦች ብቻ ቀየረልኝ። ከዚያ ወዲህ አስቸግራኝ አታውቅም። አሮጌ ቶዮታ ላይ ይህ ነገር ብዙ ጊዜ እንደሚያጋጥም የሰማሁት በኋላ ነው።

አሁን ወዳንተ መኪና ልምጣ። ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት አድምጣት። የእኔ ሞተሩን አታዞርም ነበር። ያንተ ጥሩ አድርጋ እያዞረች አልይዝ የምትል ከሆነ ባትሪውንም ሞተሪኖውንም ተዋቸው። ሰው ከኋላ አቁምና ጭሱን ያይልህ። ነጭ ጭስ እየወጣ ካልተነሳች ናፍጣው ደርሷል፣ ግን አልተቃጠለም፤ መጀመሪያ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውስጡን የሚያግሉትን ካንዴሌታዎች ጠርጥር። እኔም ሐረር አድሬ አጋጥሞኛል። ሐረር ከድሬ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለችና ጠዋቷ ይበርዳል። ድሬ ላይ ምንም የማትለዋ መኪና እዚያ ነጭ ጭስ እያወጣች ግማሽ ሰዓት አስቆመችኝ። ከአራቱ ካንዴሌታ ሁለቱ ሞተው ነበር። አዳማም በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት እንደሚበርድ ታውቃለህ።

ለመፈተሽ አራቱን የሚያገናኘውን ብረት አውጣ። ከባትሪው ፖዘቲቭ በትንሽ አምፖል በኩል ሽቦ አምጣና የእያንዳንዱን ጫፍ ንካ። አምፖሉ ካልበራ ያቺ ካንዴሌታ ሞታለች። ሽቦውን ቀጥታ አታስነካ፤ ከ12 ቮልት በታች የሚሠሩ አሉ፣ ታቃጥላቸዋለህ። ደግሞ በአየር ማስገቢያው ቤንዚን የነካ ጨርቅ አስጠጋ የሚልህን አትስማ። ካንዴሌታው ግሎ ሳለ ቤንዚኑ ከተቀጣጠለ ሞተሩን ይሰብረዋል፣ አንተንም ያቃጥልሃል። እባክህን በዚህ ስማኝ።

ጭስ የሚባል ጭራሽ ከሌለ ናፍጣው አልደረሰም። የናፍጣ ማጣሪያውን ፊልትሮ እይ፣ ሌሊት አየር የምትስብ ቱቦ ካለች ፈልግ። ቁልፍ ስትከፍት ፖምፓው ላይ ያለችው ናፍጣ መዝጊያ «ቲክ» ማለት አለባት፤ እሷንም አድምጥ።

ያን ቀን ተሳስቻለሁ። በሰው ፊት ነበርና የሰደብኩህ፣ ለእናቴም፣ ተራ ላይ ለነበሩት ልጆችም ጥፋቱ ያንተ እንዳልነበር ነግሬያለሁ። ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ። የተበላችውን መዳብ በጨርቅ ጠቅልዬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። መሃሏን በጣትህ ዳስሰው።

ነገ ጠዋት ቁልፉን ስታዞር ክሩስኮቱን እይልኝ። መብራቱ ይደበዝዛል ወይስ አይደበዝዝም? ያየኸውን ጻፍልኝ።

ወንድምህ