የሬዲዮ ክበብ ዘገባ፦ ጋሼ የት ደረሱ?

የክበባችን የዓመት ሥራ ቢሰበሰብ አንድ ፌስታል አይሞላም። የሳሙና መያዣ የምታህል ሣጥን፣ አንዲት የእጅ ሬዲዮ፣ 49 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያላት ቀጭን ዘንግና ጥቂት ሜትር ሽቦ ነው። ሁሉም አሁን ሜሪላንድ፣ ፍሬድሪክ አውሮፕላን ማረፊያ በምታድር ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን ውስጥ ተገጥመው ይሠራሉ። አውሮፕላኗን የሠሯት የአንዷ ተማሪያችን አያት ናቸው። ሣጥኗን የሠሯት ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአማርኛ ትምህርት በኋላ ከእኔ ጋር የሚቀሩት 11 ልጆች ናቸው። ስማቸውን እዚህ አላወጣም፤ በክፍላቸው እጠራቸዋለሁ፣ እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ነገሩ የተጀመረው በጥቅምት ነው። ጋሼ የልጅ ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ልጆቹ ሁሉ «ጋሼ» ነው የሚሏቸው፤ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። በወጣትነታቸው ቦሌ በአውሮፕላን ጥገና ሠርተዋል። አርቪ 7 የምትባለውን አውሮፕላናቸውን ቫንስ ከሚባለው ኩባንያ ላሜራው በሣጥን መጥቶላቸው፣ ሪቬት በሪቬት እየመቱ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጋራዣቸው ውስጥ ገጣጥመዋታል። ልጆቹ በሬዲዮ ሲነጋገሩ ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ «ባለቤቴ እኮ ደርሼ እስክደውልላት እህል አትቀምስም» አሉኝ። «በዚህ ነገር የት እንደደረስኩ ቤቷ ሆና ልታይ የምትችልበት መላ የለም?»

መላው ነበረ፤ ያውም እዚሁ ሜሪላንድ የተወለደ። አናፖሊስ በሚገኘው የባሕር ኃይል አካዳሚ መሐንዲስ የነበሩት ቦብ ብሩኒንጋ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የጀመሩት ኤፒአርኤስ የሚባል ሥርዓት ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ አንዱ በ1984 በ100 ማይል የፈረስ ግልቢያ ላይ ፈረሶቹ የት እንደደረሱ መከታተል ነበር፤ ያኔ የተጠቀሙባት ኮምፒዩተር ኮሞዶር ቪክ 20 ነበረች። ብሩኒንጋ በ2022 አረፉ፤ ሥርዓታቸው ግን በመላው ሰሜን አሜሪካ በ144.39 ሜጋኸርዝ ላይ ቀንና ሌሊት ይሠራል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ጂፒኤሱ ያለንበትን ቦታ ይነግራል፤ ትራከር የምንላት ያቺ ሣጥን ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ፍጥነቱንና አቅጣጫውን ወደ ድምፅ ትለውጣለች፤ ሬዲዮው ያን ድምፅ ይለቃል። በጆሮ ሲሰማ የድሮ ፋክስ ሲያንቋርር ይመስላል። ተራራ ላይና ፎቅ ላይ ያሉ የአማተሮች፣ ማለትም ፈቃድ አውጥተው ለፍቅሩ ብለው ሬዲዮ የሚሠሩ ሰዎች፣ ጣቢያዎች ይቀበሉትና ደግመው ያስተላልፉታል፤ ከኢንተርኔት ጋር የተያያዘ ጣቢያ ሲሰማው ካርታ ላይ ነጥብ ሆኖ ይወጣል።

አውሮፕላኗ የምታድርበትን ሃንጋር ለመጀመሪያ ጊዜ የጎበኘን ዕለት ልጆቹ ከሁሉ አስቀድመው ያዩት አውሮፕላኗ ላይ በትልልቁ የተጻፈውን «ኤክስፔሪመንታል» የሚለውን ቃል ነው። የዘጠነኛ ክፍሉ ልጅ «ገና እየተሞከረች ነው ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ጋሼ አልተቀየሙም። ሕጉ ከሥራው የሚበዛውን እጅ ግለሰቡ ራሱ ለትምህርትና ለደስታው ብሎ እንዲሠራው እንደሚጠይቅ፣ መንግሥት የወከለው ሰው መጥቶ እንደመረመራት፣ ከዚያም የታዘዘላቸውን የሙከራ ሰዓት ሰው ሳያሳፍሩ ብቻቸውን እንደበረሩ ነገሩት። ለእኛ ሥራ የጠቀመንም ይኸው ነው። ፋብሪካ የሠራት አውሮፕላን ብትሆን ኖሮ አንዲት ሽቦ ለመጨመር ስንት ወረቀት ያስፈልግ ነበር፤ የጋሼን አውሮፕላን ግን ባለቤቷ ራሳቸው ለሚጨምሩት ነገር ኃላፊ ናቸው።

የሬዲዮውም ሕግ አለ። በአውሮፕላን ውስጥ የአማተር ሬዲዮ የሚሠራው አብራሪው ሲፈቅድ ነው፤ መሣሪያው ከአውሮፕላኑ ሬዲዮዎች የተለየ ይሁን፣ እነሱን አይረብሽ፣ ለሕይወት አደጋ አይሁን ይላል። በደመና ውስጥ በመሣሪያ ብቻ ለሚበርር አውሮፕላን ደግሞ ተጨማሪ ገደብ አለው። ይህን በአማርኛ ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። ዓመቱን ሙሉ ክርክር በተነሣ ቁጥር ልጆቹ ወደ እሱ ነበር የሚያመለክቱት።

የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ የሚያሰጠው የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና 35 ጥያቄ ነው፤ 26 ያገኘ ያልፋል፤ የዕድሜ ገደብ የለውም። በጥር ሰባት ልጆች ተቀመጡ፣ አራቱ አለፉ፤ ሁለቱ በመጋቢት ደግመው አለፉ። ጋሼም ከ12 ዓመቷ ተማሪያችን ጎን ተቀምጠው ተፈትነዋል። 33 አግኝተው አለፉ። ከአውሮፕላኗ የሚለቀቀው የጥሪ ምልክት (የአማተሩ የሬዲዮ መለያ ስም) የእሳቸው ነው፤ ከኋላው አማተሮች ለፊኛና ለአውሮፕላን የሚጠቀሙበት 11 ቁጥር ተጨምሮበታል።

አንድ ቅዳሜ በረዶ ጥሎ ወደ ሃንጋር መሄድ አልቻልንም። ክፍል ውስጥ ቁጭ ብለን ስለ ሚኪ ሌላንድ ነገርኳቸው። በረሃብ ለተጎዳው ሕዝባችን የጮኹት የቴክሳሱ የኮንግረስ አባል ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ፑኝዶ የስደተኞች ጣቢያ ሲበሩ 16 ሰው የያዘችው አውሮፕላን ጠፋች። ስድስት ቀን ተፈልጋ ተራራ ላይ ተከስክሳ ተገኘች፤ ከሞት የተረፈ አልነበረም። ያኔ እኔ ተማሪ ነበርኩ። «ዛሬም አልተገኘችም» የሚለውን ዜና ጎረቤት ሁሉ ሬዲዮ ከብቦ ሲሰማ አስታውሳለሁ። እዚህ አሜሪካም ዓለምን በፊኛ ብቻውን የዞረው ስቲቭ ፎሴት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2007 ከኔቫዳ በትንሽ አውሮፕላን ተነሥቶ ቀረ፤ ስብርባሪው የተገኘው ከዓመት በኋላ ነው።

ከዚያ እርሳስ አንሡ አልኳቸው። በሰዓት 150 ማይል የምትበር አውሮፕላን በደቂቃ 2.5 ማይል ትሄዳለች። የመጨረሻው ነጥብ ከወጣ አንድ ደቂቃ ከሆነው ፈላጊዎች የሚያስሱት ክብ 20 ካሬ ማይል ያህል ነው። ነጥቡ የሚወጣው በየ10 ደቂቃው ከሆነስ? የስምንተኛ ክፍሏ ልጅ ቀድማ ደረሰችበት፤ 1,963 ካሬ ማይል። ክፍሉ ጸጥ አለ። በየደቂቃው እንዲለቅ የተወሰነው በዚያች ቅዳሜ ነው፤ ውሳኔውም የልጆቹ እንጂ የእኔ አልነበረም።

ትራከሯን ታይኒትራክ ከሚባል ኪት፣ ማለትም ተፈታትቶ ከሚመጣ መገጣጠሚያ ዕቃ፣ ነው የሠራናት፦ ሬዚስተር፣ ካፓሲተር፣ ዳዮድ፣ አንዲት ቺፕ። የሰባተኛ ክፍሏ ተማሪ በይዛ ጨርሳ ባትሪ ስታገናኝ መብራቷ እምቢ አለች። ጋሼ በአጉሊ መነጽር አዩና አንዷን እግር በሹል ነገር ነካ አደረጓት፤ ተነቃነቀች። ስታኞው እንደ ጤዛ ድቡልቡል ብሎ ከላይ ተቀምጧል እንጂ እግሯን አልያዛትም። «ጠረጴዛ ላይ ብትሠራ እንኳ ሞተር ሲነሣ ትለቅ ነበር፤ እዚያ ያለው ንዝረት ሌላ ነው» አሏት። ልጅቱ ደህና የነበሩትን ሳይቀር 38ቱንም ነጥቦች እንደገና አሞቀቻቸው። ማንም አላዘዛትም።

ሃንጋሩ ሁለተኛ የአማርኛ ክፍላችን ሆነ። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቡሎን፣ ትራፓኖ፣ ሞርሳ፦ እነዚህን ቃላት እኔ በስንት ቅዳሜ አላስተማርኳቸውም። ቃላቱ ከጣሊያን የመጡ መሆናቸውን ጋሼ ሲነግሯቸው ሳቁ። የአንቴናዋ ቦታ የተመረጠው ከሆዷ ሥር፣ ከጭስ ማውጫው ራቅ ብሎ ነው። ላሜራው ስስ ስለሆነ ከውስጥ በኩል ሌላ ላሜራ ደረብንለት፤ ብረት ከብረት እንዲነካካም ቀለሙን ፍቀን አነሣን። ሽቦ ላሜራ አቋርጦ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ጎሚኒ ገባ። የአንቴናውን ኬብል ርካሹን ገዝቼ ነበር፤ ጋሼ መለሱልኝ። የርካሹ ልባስ ቢቃጠል ጭሱ መርዝ ነው፤ አየር ላይ ደግሞ መስኮት ከፍቶ መውጣት የለም። እሳት የሚችለው፣ አርጂ 400 የሚባለው ኬብል በሦስት እጥፍ ዋጋ ተገዛ። ትክክል ነበሩ።

አሁን በዓመቱ ውስጥ ከሁሉ የማልረሳትን ቀን ልንገራችሁ። የጂፒኤስ መቀበያዋን ሰማይ እንድታይ ብለን ከፊት ካለው ሰሌዳ አናት ላይ አስቀመጥናት። ሳተላይቶቹን ቶሎ ያዘችና ሁላችንም ደስ አለን። በአብራሪው ወንበር ተራውን የተቀመጠው የስድስተኛ ክፍል ልጅ ግን ዝም ብሎ መስታወቱ አጠገብ ያለውን ኮምፓስ ያያል። «ጋሼ፣ ሰሜን ተንቀሳቀሰ» አለ። ጋሼ መቀበያዋን አነሧት፤ ኮምፓሱ ተወዛውዞ ተመለሰ። መልሰው አስቀመጧት፤ ከ20 ዲግሪ በላይ ዞረ። ለካ መቀበያዋ መኪና ጣሪያ ላይ እንድትጣበቅ ሆዷ ውስጥ ማግኔት አለባት! እኔ ካታሎጉን ሦስት ጊዜ አንብቤ ያላሰብኩትን የ11 ዓመት ልጅ ዓይኑን ባለመንቀሉ ብቻ አየው። ማግኔቱን አወጣን፤ መቀበያዋንም ከመቀመጫው ኋላ ካለው መስታወት ሥር ወሰድናት። ጋሼ የዚያን ልጅ እጅ እንደ ትልቅ ሰው ጨበጡት።

ቀጥሎ የመጣው ችግር ሦስት ቅዳሜ በላ። ሞተሩ ተነሥቶ ትራከሯ በለቀቀች ቁጥር በጋሼ የጆሮ ማዳመጫ ውስጥ «ብርርር» የሚል ድምፅ ይገባል። ግድግዳችን ላይ የተለጠፈው «አይረብሽ» ነው የሚለው፤ ስለዚህ መብረር የለም። የአንቴናውን ኬብል ከማዳመጫው ሽቦ ጋር አንድ ላይ አስረነው ኖሯል። ፈታነው፣ በሌላኛው ጎን አሳለፍነው፣ ሽቦዎቹ ላይ ፌራይት የሚባለውን ረብሻ የሚያፍን ቀለበት አለበስን፤ ድምፁ ጠፋ። የራሷ ፊውዝና የራሷ ማጥፊያም ተደረገላት። መጨረሻ ላይ ዕቃውን ሁሉ በወጥ ቤት ሚዛን መዘንነው፤ 740 ግራም መጣ። ጋሼ በአውሮፕላኗ የክብደት ወረቀትና በመዝገቧ ላይ ሲጽፉት ልጆቹ ከበው አዩ።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም፤ ሌሎች ክበቦችም ሊሞክሩት ይችላሉና። መሬት ላይ ያለ ትራከር «ዋይድ 1-1፣ ዋይድ 2-1» በሚል ትእዛዝ ሁለት ጊዜ እንዲደገምለት ይጠይቃል። አውሮፕላን ግን እንጦጦ አናት ላይ ቆሞ እንደሚጣራ ሰው ነው፤ አንዴ ቢጠራ አዲስ አበባ ሁሉ ይሰማዋል። 5 ዋት ብቻ ይዞ ከአየር ላይ በሦስት አራት ስቴት ያሉ ጣቢያዎች ይሰሙታል፤ ሁሉም ሁለት ሁለት ጊዜ ከደገሙለት የሌላው ሰው መልእክት ይታፈናል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲደገም «ዋይድ 2-1» ብቻ አደረግነው። ልጆቹ ይህን የተረዱበት ፍጥነት አኩርቶኛል፤ የጋራ የሆነን ነገር መቆጠብ ማለት እንደሆነ ገብቷቸዋል።

አንዳንድ ወላጆች «አውሮፕላን የራሱ የአደጋ ማሳወቂያ የለውም ወይ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። አለው። ሕግ የሚያስገድደው የአደጋ ጊዜ አስተላላፊም፣ ለአየር ትራፊክ የሚታየው መሣሪያም በጋሼ አውሮፕላን ላይ አሉ። የእኛ ትራከር የእነሱን ቦታ አትይዝም። ልጆቹን ለማሳፈር የጠየቃችሁም ነበራችሁ፤ ያለ ኢንሹራንስ አልፈቀድንም። ልጆቹ አዝነዋል፣ አውቃለሁ።

በግንቦት ሁለተኛው ቅዳሜ ክፍላችን ሞላ። የጋሼ ባለቤት እማማም ድፎ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው መጥተው ከፊት ተቀመጡ። ጋሼ ከፍሬድሪክ ተነሡ። ካርታው ላይ ከመስኩ ጫፍ ትንሽ ወጣ ብሎ የመጀመሪያዋ የአውሮፕላን ምስል ብቅ ስትል የተሰማውን ጩኸት ጎረቤት ክፍሎች ይነግሯችኋል። በ4,500 ጫማ ወደ ምዕራብ፣ በሄገርስታውን አድርገው፣ ነጥብ በነጥብ ሄዱ። አንዷን ምልክት የተቀበላት ጣቢያ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ነበር።

ከምበርላንድ አጠገብ ሲደርሱ ነጥቡ ቆመ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት፣ አራት። እማማ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። እኔም ምክንያቱን እያወቅሁት ልቤ መታ። የልጅ ልጃቸው ተነሥታ ወደ ካርታው ሄደችና በጣቷ እየነካች አነበበችላቸው። «እዩ፣ አባባ እዚህ ጋ 3,900 ጫማ ላይ ነው፣ እዚህ ጋ 3,100፣ እዚህ ጋ 2,200። እየወረደ ነው እማማ። ማረፊያው ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ተራራው ይጋርደዋል። አልጠፋም፣ አርፏል።» ስልኩ የጮኸው ከ11 ደቂቃ በኋላ ነው። እማማ ግን ዳቦውን የቆረሱት ስልኩ ሳይጮኽ ነው።

ለመጪው ዓመት የምንፈልገው ከትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ መቀበያ ጣቢያ ለመትከል ነው። አንቴናውን ጋሼ ሰጥተውናል። የጎደለን አንድ ያገለገለ ላፕቶፕና ጣሪያ ላይ ለመውጣት የአስተዳደሩ ፈቃድ ነው። ላፕቶፑ ያላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እስከ አሥር ሰዓት ክፍል ውስጥ አለን።